ባለ ስድስት ጎማው እንድሪስ

ትናንት፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ እንድሪስ ሕልም አየ።

ሕልም የሌሊት ነገር ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩ። እንዲህ የሚለው እንድሪስን የማያውቅ ሰው ነው። እኛ ጎረቤቶቹ እናውቀዋለን። በሠርጉ ቀን፣ ሚዜዎቹ ጫማቸውን እስኪያስሩ ብሎ ጋደም አለና ሙሽራዋ ቤት የደረሰው በማግስቱ ነው። ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቅ እንቅልፍ ወስዶት የሌላ ሰው ዱቄት ተሸክሞ የገባበት ቀንም አለ፤ ዱቄቱ ከእሱ የተሻለ ነበርና ብዙም አልተጸጸተም። የትናንቱ እንቅልፍ ግን እንደ ሌላው ጊዜ የሚሳቅበት አልነበረም። ሲተኛ በእጁ ገመድ ነበር፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ ደግሞ ሰው ነበር።

እንድሪስና ይመር ደላንታ ገደል ላይ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ቆፋሪዎች ናቸው። ይመር የእንድሪስን ታናሽ እህት ዘምዘምን ያገባ ነው፤ አራት ልጆች ወልደዋል። ጉድጓዳቸው ገደሉን በጎኑ የሚበሳ፣ ሰው በሆዱ ተስቦ ብቻ የሚገባበት፣ ሠላሳ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ የሚሄድ ቀዳዳ ነው። አንዱ ሲገባ ወገቡን በገመድ ያስራል፤ ሌላው የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ጫፉን ይይዛል። ከውስጥ ቢጮኹ ውጭ አይሰማም፤ የሚናገረው ገመዱ ነው። አንድ ጊዜ ጎተት ካለ «አለሁ» ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «ጆንያውን ሳብ»። ሦስት ጊዜ ከሆነ «እኔን ሳበኝ፣ ለምን ብለህ አትጠይቅ»። ከምሳ በኋላ ይመር ይገባል፤ የገደሉ ጥላ ታች ያለውን ቁልቋል ሲነካ ይመር ይወጣና እንድሪስ ይገባል። ይህ ተራ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተዛብቶ አያውቅም።

ይመር የአማቹን ጠባይ ስለሚያውቅ ገመዱን ዝም ብሎ አያስይዘውም። የእጁ አንጓ ላይ ሁለት ዙር ይጠመጥምለታል።

ትናንት ምሳ ላይ እንድሪስ ከሬዲዮ የሰማውን ያወራ ነበር።

«ሮቨር የሚባል አለ» አለ፣ የተቆላ ሽምብራ እየቆረጠመ። «ስድስት ጎማ አለው። ሰው አይነዳውም። ከዚህች ምድር ወደ ሌላ ዓለም ልከውት እዚያ ማዕድን ይፈልጋል።»

«ገመዱን የሚይዝለት ማን ነው?» አለ ይመር።

«ገመድ የለውም፤ በአየር ነው የሚያወራው። ድንጋይ ያገኛል፣ ያየዋል፣ ይበሳዋል፣ ከዚያ ‹እንዲህ ያለ ነገር አገኘሁ› ብሎ ለላኪዎቹ ይልካል። ቃሉ እስኪደርስ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል አሉ።»

«ናዳ ቢመጣበትስ?»

«‹ናዳ መጣብኝ› ይላል።»

«እነሱም ይህን የሚሰሙት ከሃያ ደቂቃ በኋላ።»

«አዎ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ጋሪ አልሆንም» አለ ይመር።

«አንዱ ብዙ ዓመት ሠርቶላቸው አንድ ቀን ዝም ሲላቸው አለቀሱለት አሉ። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው።»

«ለጋሪ?»

«ለጋሪ።»

ይመር በስተጎን ያለውን የተደፈነ ጉድጓድ አየ። ጎረቤታቸው ኑርዬ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያ እንደገባ ቀርቷል። ገመዱን ይዞለት የነበረው ሰው ስልክ ተደውሎለት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጥቶ ነበር። በናዳ የወረደው ዐለት ከሰው አቅም በላይ ሆነና፣ የጉድጓዱ አፍ ላይ ዱዓ ተደርጎ፣ እዚያው መቃብሩ ይሁን ተባለ።

«በል እጅህን አምጣ» አለ ይመር። ገመዱን ጠመጠመለት። «አያ፣ እንዳትተኛ።»

«ደግሞ ለዚህ» አለ እንድሪስ፣ ቅር ብሎት።

ይመር በሆዱ ተስቦ ገባ። መጨረሻ ላይ የታየው የበረባሶው ጎማ ነበር። እንድሪስ የሞቀውን ዐለት ተደገፈ። ኮፍያውንም ፊቱ ላይ አደረገ፤ ለፀሐይ ነው።

መጀመሪያ ገደሉ ተገለበጠ። ታች የነበረው ወንዝ ላይ ሆነ፤ ውሃው ግን ጠብ አላለም። አሞሮች በእግራቸው ተሰልፈው ወደ ገበያ ይሄዱ ነበር። የጉድጓዱ አፍ ወደ ሰማይ ዞረና እንድሪስ ወደ ላይ ወደቀ። ብዙ ወደቀ። ሲያርፍ የቆመው በእግሩ አልነበረም። በረባሶው ወደ ጥንቱ ተመልሶ የመኪና ጎማ ሆኗል። ቆጠረው፤ ስድስት ነው። ሁለቱ የራሱ እንደሆኑ አወቀ፤ የቀሩት የማን በረባሶ እንደነበሩ አላወቀም። ግንባሩ ላይ የሚያስራት ባትሪ ዓይን ሆናለች፤ ስትዞር ሲጢጥ ትላለች።

ፊት ለፊቱ ረጅም ጠረጴዛ ነበር። ዙሪያውን ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ኦፓሎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹን ቆፍሮ ያወጣቸው ራሱ ነው። ባለፈው ጥቅምት ለነጋዴ የሰጠው ጥቁር ድንጋይ አይቶት እንዳላየ ሆነ። ሊቀመንበሩ ሆደ ሰፊ ነጭ ድንጋይ ነበር። ክራባት አስሯል፤ አንገት ስለሌለው ያሰረው ሆዱ ላይ ነው።

«እንድሪስ ቁጥር አንድ» አለ ሊቀመንበሩ።

«አቤት።»

«ወደ ሌላ ዓለም ልንልክህ ነው። እዚያ ሰው የሚባል ማዕድን አለ ይባላል። ውስጡ ቀይ ነው፤ ሲነኩት ይሞቃል። ፈልገህ አግኝልን።»

«ሰው ምን ያደርግላችኋል?»

«ለቀለበት ይሆናል» አለ ሊቀመንበሩ።

«ለአንገት ሐብልም» አለች ከኋላ አንዲት ትንሽ ድንጋይ።

«ደህናውን ከመናኛው በምን እለያለሁ?»

«ውሃ አርከፍክፍበት። ውሃ የሚጠጣ ከሆነ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው፤ ተወው።»

የኛን ኦፓል ነጋዴዎቹ የሚያጣጥሉት በዚሁ ነው፤ ውሃ ይጠጣል እያሉ። እንድሪስ ይህን ቃል አራት ዓመት ሙሉ ሲሰማ ኖሯል። አሁን እሱ በሌላ ላይ ሊናገረው ነውና ደስ አለው። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ገመዴን ማን ይይዛል?» አለ።

«ይያዛል» አለ ሊቀመንበሩ። ማን እንደሚይዘው አልተናገረም።

ከዚያ ጠረጴዛው ጠፋና ቀይ ሜዳ ሆነ። ዛፍ የለ፣ ወፍ የለ። ከሩቅ አንዲት አህያ ሰው ላይ ተቀምጣ መጣች። ሰውየው ከአህያዋ ሌላ ሁለት ጆንያ ተጭኗል። አህያዋ መነጽር አድርጋ ደብተር ይዛለች።

«የደኅንነት ተቆጣጣሪ ነኝ» አለች። «የድጋፍ እንጨት አለህ?»

«የለኝም።»

«ሄልሜት?»

«ኮፍያ ነበረኝ፤ እሱም ለፀሐይ ነው።»

«ሰው ውስጥ ቢቀር የሚያወጣ መሣሪያ?»

«የለም።»

እያንዳንዱን በጥንቃቄ ጻፈች። ገጹን ገልብጣም ከሌላው ጋር አስተያየችው። «ትክክል ነው» አለች። «በሁሉም ቦታ ያለው ‹የለም› ነው። የጎደለህ ነገር የለም፤ ግባ።» በኮቴዋ ግንባሩ ላይ ማኅተም መታችበትና ዞረች። ከሥሯ ያለው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ትንሽ ጭድ አይኖርህም?» አለው። እንድሪስ አልነበረውም።

የመጀመሪያውን ዐለት ሲበሳ ያገኘው ጸሐፊዎችን ነው። በድንጋዩ ውስጥ እንደ ማዕድን ንጣፍ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው ማመልከቻ በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል።

«ጌታዬ» አለ የፊተኛው፣ እጅ ነስቶ፤ «የቀረን የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ሰባት ዓመታችን ነው።»

እንድሪስ ይህን ሰውዬ የት እንደሚያውቀው ሊያስታውስ ሞከረ። የመቆፈሪያ ፈቃድ ሊያወጣ ሲመላለስ መስኮቱን የዘጋበት ፊት ይመስላል።

«ዛሬ ስብሰባ አለብኝ» አለ። «ሰኞ ኑ።»

«ባለፈውም ሰኞ ብለውን ነበር።»

«የቱ ሰኞ እንደሆነ መች ነገርኳችሁ?»

ጸሐፊዎቹ አመስግነውት ወደ ዐለቱ ተመለሱ። እንድሪስ ሳቀ። ጎማዎቹ እስኪንቀጠቀጡ ሳቀ። በዕድሜው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ውሃ ቢያርከፈክፍባቸው ግን ሁሉም ጠጡ፤ አንዱማ «ድገመኝ» አለ። ተዋቸው።

በዚህ ጊዜ ነው እጁ ጎተት ያለው። አንድ ጊዜ።

«አለሁ አልኳቸው ማለት ነው» ሲል አሰበ። እጁ ከተንቀሳቀሰ ያንቀሳቀሰው እሱ መሆን አለበት፤ የተላከው እሱ ነው፣ እዚህ ሜዳ ላይ ከእሱ በቀር ማን አለ። ቃሉ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ እንደሚፈጅ አስታወሰ። እየኮራ መንገዱን ቀጠለ።

ሜዳው ላይ የቅሬ፣ ማለትም የለቅሶ ዕድር፣ ድንኳን ተተክሏል። እንድሪስ በጎማው እየተንኳኳ ገባ። ለቅሶ የተቀመጡት የሞቱ ሰዎች ነበሩ። አባቱ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል።

«ለማን ነው የምታለቅሱት?» አለ እንድሪስ።

«ለእናንተ ነዋ» አለ አባቱ። «በየቀኑ ነው የምንቀመጠው። ወንበር እንኳ አንሶናል።»

መሐል ላይ ባለ ስድስት ጎማ አሮጌ ጋሪ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከበውት፣ መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቃሉ። ጥግ ላይ፣ ማንም ሳይከበው፣ ኑርዬ ተቀምጧል። ጢሙ አፈር ነው። በእጁ የገመድ ጫፍ ይዟል። ሦስት ጊዜ ይጎትታል፣ ያርፋል፤ ሦስት ጊዜ ይጎትታል፣ ያርፋል።

«ኑርዬ።»

«እንድሪስ። ጎማ አበቀልክ።»

«አዎ። ምን እያደረግህ ነው?»

«እየተናገርኩ ነው።»

«ለማን?»

«ለያዘው። ስልኩን ሲጨርስ ይሰማኛል።»

«ሁለት ዓመት ሆነው እኮ።»

«ረጅም ወሬ ይሆናላ» አለ ኑርዬ፣ ያለ ቂም። ከዚያ በአገጩ ወደ ጋሪው አመለከተ። «ለዚህኛው ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለእኔ ስንት ቀን ተቀመጣችሁ?»

እንድሪስ ጎማዎቹን አየ። የኑርዬ ለቅሶ ድንኳን ሲፈርስ ካስማውን የነቀለው እሱ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ቁፋሮ ለመመለስ ቸኩሎ።

«ሦስት» አለ።

«ደግ ነው» አለ ኑርዬ። «ሥራ አለባችሁ።» ገመዱንም መጎተት ቀጠለ።

የእንድሪስ እጅ ሁለት ጊዜ ተሳበ። ጆንያ ማለት ነው፤ ግን ጆንያ አልነበረውም። ዞር ሲል ድንኳኑ ዐለት ሆኗል። በዐለቱ ውስጥ፣ እንድሪስ በአራት ዓመት ቁፋሮ አይቶት የማያውቀው ቀለም ይጫወታል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ደግሞ ቀይ። ቀረብ ብሎ በባትሪው አበራበት። የይመር ፊት ነበር። እስከ አንገቱ ድንጋይ ውስጥ ነው። ሽምብራ እየቆረጠመ ነበር።

እንድሪስ መመሪያውን አስታውሶ ውሃ አርከፈከፈበት። ይመር አልጠጣም።

«አንደኛ ደረጃ ነህ» አለው እንድሪስ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«አያ፣ ሳበኝ።»

«እጅ የለኝም። ያለኝ ጎማ ነው።»

«ታዲያ ምን ታደርግልኛለህ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ለእነማን?»

«ለድንጋዮቹ።»

ይመር ማኘኩን አቆመ። «ዘምዘምን ምን ትላታለህ?»

እንድሪስ ይህን በመመሪያው ውስጥ ፈለገ። ስለ ድንጋይ ክብደት አለ፣ ስለ ጎማ ንፋስ አለ፣ ስለ ዘምዘም የተጻፈ የለም። ከላይ ጠጠር መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ የሰሊጥ ያህል፣ ቀጥሎ የባቄላ ያህል። ያኔ እጁ ሦስት ጊዜ ተሳበ። በኃይል።

«ይኸው፣ ነገርኩልህ» አለ እንድሪስ። ትንሽ ቀለል አለው። «አሁን ይሰማሉ።»

ሕልም ነውና ከቃሉ ጋር አብሮ ተጉዞ ጠረጴዛው ዘንድ ደረሰ። ድንጋዮቹ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

«ሦስት ጊዜ አለ» አለ ጥቁሩ ድንጋይ።

«ሦስት ምን ማለት ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«‹ሳበኝ› ማለት ነው።»

«የእኛ ሥራ መላክ ነው። መሳብ በዕቅዳችን ውስጥ አልተያዘም።»

«እንደገና ሦስት አለ።»

«መዝግበው።»

«አሁንም ሦስት።»

ሊቀመንበሩ ክራባቱን አስተካከለ። «ይህ ጋሪ ተበላሽቷል» አለ። «ከወዲሁ ይለቀስለት።»

ድንጋዮቹ ከወንበራቸው ተነሥተው አለቀሱ። የድንጋይ እንባ ጠጠር ነው። ጠረጴዛው ላይ እየተንከባለለ በጫፉ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድ የት እንደሚያርፍ እንድሪስ ያውቃል። «ማልቀሱን ተዉት» አለ፤ የሰማው የለም። እጁ አሁንም ይሳባል፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት።

«ለመሆኑ» አለች ከኋላ ያለችው ትንሽ ድንጋይ፣ «ገመዱን የያዘው ማን ነው?»

ሁሉም ጎንበስ ብለው ገመዱን በዓይናቸው ተከተሉት። ገመዱ ረጅም ነበር። ደመናውን አልፎ፣ የተገለበጠውን ወንዝ አልፎ፣ አሞሮቹን አልፎ ወርዶ ወርዶ አንዲት ትንሽ ገደል ላይ ደረሰ። ገደሏ ጎን ላይ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው አፍ ላይ አንድ ሰው እግሩን አነባብሮ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ተጋድሟል። ገመዱ አንጓው ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። እጁ እንደታረደ ዶሮ ይዘላል፤ ሰውየው ግን አይነቃነቅም።

«ተኝቷል» አለ ጥቁሩ ድንጋይ።

«ደስ የሚል ሕልም እያየ ይመስላል» አለ ሊቀመንበሩ። «አትቀስቅሱት።»

እንድሪስ መጀመሪያ ኮፍያውን አወቀው። ቀጥሎ ሰውየውን አወቀው። ባለ በሌለ ኃይሉ «ተነሥ» ብሎ ጮኸ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ጉዞ ሲጀምር በዓይኑ አየው፤ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተ ይወርዳል። ሃያ ደቂቃ። ከመቁጠር በቀር የሚያደርገው አልነበረውምና ቆጠረ። አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ስምንት አለ። አሥራ አራት ላይ ታች ያለው እጅ መዝለሉን አቆመ። ድንጋዮቹም ማልቀሳቸውን አቆሙ። የሚሰማው የእንድሪስ ቆጠራ ብቻ ሆነ። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ።

ሃያ ላይ ነቃ።

መጀመሪያ ያየው ቁልቋሉን ነው። ጥላው ነክቶት፣ አልፎታል። ፀሐይዋ ከገደሉ ኋላ ከገባች ቆይታለች። ከዚያ እጁን አየ። ገመዱ የለም። ተጠምጥሞበት የነበረው ቦታ ቆዳው ተገሽልጧል።

ይመር ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ከጸጉሩ እስከ እግሩ ነጭ ሆኖ ከወፍጮ ቤት የወጣ ይመስላል። ግንባሩ ላይ ደም ደርቋል። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ በረባሶው ውስጥ ቀርቷል። ከምሳ የተረፈውን ሽምብራ አንድ በአንድ እየቆረጠመ ነው።

«መቼ ወጣህ?» አለ እንድሪስ።

«ቆየሁ።»

«ጎትተህ ነበር?»

«ትንሽ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት። ከዚያ ሦስት። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት፤ እጄን ለሌላ ሥራ ፈለግሁት።»

እንድሪስ የይመርን ክርኖች አየ። ሸሚዙም ቆዳውም የለም።

«ይመር፣ ሕልም ይዞኝ...»

«አውቃለሁ። ስትስቅ ነበር።»

ከጉድጓዱ አፍ ቀጭን አቧራ ይወጣ ነበር። ሁለቱም አዩት።

«ወረደ?» አለ እንድሪስ።

«ግማሹ ወረደ። ግማሹ እያሰበበት ነው።» ይመር የመጨረሻዋን ሽምብራ አፉ ውስጥ ጣለ። «ከወረደው ኋላ ግን አንድ ድንጋይ አይቻለሁ። የቡጢ ያህላል፤ ቀይ ያበራል። ዛሬ ካልወጣ ነገ ጉድጓዱም አይኖርም።»

እንድሪስ ሊነሣ ሲል አንድ ነገር ወገቡን ያዘው። ጎንበስ ብሎ አየ። ገመዱ ወገቡ ላይ ነበር፤ ሁለት ዙር ዞሮ፣ በደንብ ተቋጥሮ። ይመር ያሰረው እሱ ተኝቶ ሳለ ነው። ሌላው ጫፍ የይመር አንጓ ላይ ነው።

«ነገ ጠዋት ብናደርገውስ?» አለ።

«ጥላው ነካ እኮ፣ አያ። ተራህ ነው።»

እንድሪስ አንድ የሚናገረው ነገር ፈለገ። ነቅቶ የጠበቀ ሰው ቢሆን ብዙ የሚለው ነበር። ባትሪውን ግንባሩ ላይ አሰረ። በሆዱ ተኛና ጭንቅላቱን ወደ ቀዳዳው አስገባ። ከውስጥ ጠጠር ሲንከባለል ሰማ። መልሶ ጭንቅላቱን አወጣና ዞሮ አየ።

ይመር የሞቀውን ዐለት ተደግፎ፣ እግሩን አነባብሮ፣ የእንድሪስን ኮፍያ አንሥቶ ፊቱ ላይ እያደረገው ነበር።

«ግባ እንጂ» አለ። «ለፀሐይ ነው።»

እንድሪስ እስከ ወገቡ እንደገባ፣ ከኋላው፣ ከኮፍያው ሥር፣ ይመር ረዘም አድርጎ ሲያዛጋ ሰማ።